ጅቡቲና ዘንጅባር በሸዋ ሮቢት ገበያ

የጋሽ ሙሄን ሞት የሰማሁት ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳ ለመብላት ከመኪና በወረድኩበት ነው። ለሥራ ወደ ደሴ እየሄድኩ ነበር። ምግብ ያቀረበችልኝን ልጅ «ዛሬስ ሙቀቱ በረታ» ብላት፣ «ጋሽ ሙሄ ቢኖሩ ‹ጅቡቲ ይብሳል› ይሉዎት ነበር» አለችኝ። «ቢኖሩ» ስትል እጄን ከትሪው ሰበሰብኩ። ከትናንት ወዲያ ተቀብረው ኖሯል። ሾፌሩን ጠብቀኝ ብዬ ወደ ለቅሶው ሄድኩ፤ የደሴው ጉዳይ ዘገየ። ሥራ ማዘግየት ልማዴ አይደለም።

ሙያዬ ወሬ ማጣራት ነው። ስለ እሳቸውም የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ።

ጋሽ ሙሄ የተወለዱት አሊዩ አምባ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ዕድሜያቸው ግን ያከራክራል። በወጣትነታቸው ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ግመል እየነዱ ወደ ባሕሩ ወረዱ፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሸክም ተሸከሙ፤ ከዚያ በአንድ የየመን ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆነው ዘንጅባር ገቡ። ዘንጅባር ያኔ ዛንዚባርን የምንጠራበት ስም ነበር። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ሞቃት አገሮች ናቸው። አንዷን ፈረንሳይ፣ አንዷን እንግሊዝ ይገዛት ነበር። በየትኛዋ ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ ስጠይቃቸው፣ «ሰው የሚቆጥረው የጠላውን አገር ዘመን ነው፤ እኔ አልቆጠርኩም» አሉኝ።

ከዚያ ተመልሰው ሸዋ ሮቢት ተቀመጡ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም ሁለቱን አገሮች ሲያወዳድሩ ኖሩ። ሥራቸው ጫት መሸጥ ነበር፤ ሙያቸው ግን ማወዳደር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ሲናገሩ ሁለት መዳፋቸውን እንደ ሚዛን ወደፊት ይዘረጋሉ። ግራው ጅቡቲ ነው፣ ቀኙ ዘንጅባር። የበለጠው ከፍ ይላል፣ ያነሰው ዝቅ ይላል። ድምፃቸው የማይሰማበት ራቅ ያለ ቦታ ያለ ሰው እንኳን እጃቸውን አይቶ ስለ ምን እንደሚያወሩ ባያውቅም ማን እየረታ እንደሆነ ያውቃል።

«ጅቡቲ ሰው ይጠበሳል፤ ዘንጅባር ሰው ይቀቀላል» ይሉ ነበር። «ጅቡቲ ሌባ የለም፣ የሚሰረቅ ስለሌለ። ዘንጅባር ሌባ አለ፤ ግን ሰላም ሳይልህ አይሰርቅህም።» አንድ የቀወት ገበሬ ከሁለት ልጃገረዶች የትኛዋን እንዲያጭ ሊያማክራቸው መጥቶ፣ አንዷ ጅቡቲ ሌላዋ ዘንጅባር እንደሆነች በሰፊው ካስረዱት በኋላ ሁለቱንም ትቶ ሦስተኛ አገባ። ጋሽ ሙሄ አልተቀየሙትም። «አገሩ ሰፊ ነው» አሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው አባባላቸው ግን ይህ ነበር፦ «ጠዋትማ የትም አገር ጥሩ ነው። ያገር ኑሮ የሚታወቀው በቀትር ነው። ድሀው በቀትር የት ይቀመጣል? እሱን ንገረኝና ስላገሩ እነግርሃለሁ።»

እነዚህን አገሮች አይተዋል ወይስ አላዩም የሚል ጥርጣሬ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ጅቡቲ ስሄድ አጣርቻለሁ። ከሱቆቹ ፊት በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ መተላለፊያ አለ ይሉ ነበር፤ አለ። ግመል ሱቅ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል ይሉም ነበር፤ ይህን አላገኘሁም። ዘንጅባርን አላየኋትምና ስለ እሷ አልመሰክርም።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ገብቶ ምሽግ ሲሠራ ገበያው በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር። የጅቡቲ ወገን አለቃ ልብስ ሰፊው ደምሴ ነው። የዘንጅባር አለቃ ጠላ የሚሸጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ሁለቱም ከደብረ ሲና ወዲያ አልተሻገሩም። እኔ ያኔ በገበያው ጥጥ እነግድ ስለነበር ሁለቱንም በየገበያው እሰማቸዋለሁ።

«አንተ ደምሴ፣ ዛሬ ደግሞ ጅቡቲህ ውሃ አገኘች ወይስ ገና በበርሜል ነው?»

«በርሜልም ቢሆን ንጹህ ነው እትዬ። የእርስዎ ዘንጅባር ሰው ከነልብሱ የሚሻግትበት አይደለም?»

«ሻገተ እንጂ አልተጠማ!»

እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። ለማየት ያልታደሉትን አገር እንደ እናት ልጅ ይቆረቆሩለታል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። ሰው ስላገሩ እንዳያወራ ሲከለከል ስለ ሌላው አገር ማውራት ይወዳል።

ጆሮ ጠቢ ይህንኑ ወስዶ ምሽግ አደረሰ። አንድ ሽማግሌ የፈረንሳይንና የእንግሊዝን አገር ኑሮ እያመሰገነ ሕዝቡን ሊያስኮበልል ነው ተባለ። ምሽጉን ያዝዝ የነበረው ጣሊያናዊ መቶ አለቃ ጋሽ ሙሄን አስጠራ። የሆነውን ከራሳቸውና ከመቶ አለቃው አስተርጓሚ ለየብቻ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ የማይስማሙት ውሃ ቀርቦላቸው እንደሆነ ብቻ ነው።

«የፈረንሳይ አገር ይሻላል ትላለህ?»

«አላልኩም።»

«የእንግሊዝ ይሻላል ትላለህ?»

«እሱንም አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድነው የምትለው?»

«ጅቡቲ ሰው ይጠበሳል፤ ዘንጅባር ሰው ይቀቀላል ነው የምለው።»

አስተርጓሚው ይህን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት። መቶ አለቃው «የጣሊያን ግዛትስ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱን ገና እየቀመስነው ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ትእዛዙ አጭር ነበር። በሚመጣው ገበያ በሕዝቡ ፊት ቆመህ ሦስቱን ታወዳድራለህ፤ ከሦስቱ በጣሊያን ሥር ያለው ኑሮ ይበልጣል ብለህ ትፈርዳለህ። አለዚያ፣ አለ መቶ አለቃው። ከ«አለዚያ» በኋላ ያለውን መተርጎም አላስፈለገም። ምሽጉ በር ላይ መስቀያ ተተክሎ ነበር፤ ባለፈው ክረምትም ሥራ አልፈታም።

ለካስ ጅቡቲና ዘንጅባር ለጋሽ ሙሄ ሲሆን አንድ ወገን ናቸው። በማግስቱ ደምሴና እትዬ አስካለ አብረው ቤታቸው መጡ። እኔም ተከትዬ ነበር።

«ይበሉትና ይገላገሉ ጋሼ» አለ ደምሴ። «የአንድ አፍታ ነገር ነው።»

«እኛ እንደሆንን አንቀየምም» አሉ እትዬ አስካለ። «ዘንጅባርም አትሰማ።»

የጋሽ ሙሄ ባለቤት ከጓዳ፣ «እኔ ባሌን ለሰው አገር ብዬ ላጣ ነው?» እያሉ ይናገራሉ።

ጋሽ ሙሄ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ማለቱስ ቀላል ነው» አሉ። «ወላሂ አፌ አይከብደውም። ግን ነገ እናንተ መጥታችሁ ጅቡቲ ወይስ ዘንጅባር ስትሉኝ በየትኛው አፌ እመልሳለሁ? አንዴ ላደላ ዳኛ የዶሮ ጥሬ መስፈሪያ እንኳ አይሰጡትም።»

«ይሰቅሉዎታል እኮ!» አሉ እትዬ አስካለ።

«እሱን እያሰብኩበት ነው።»

የገበያው ቀን ደረሰ። በገበያው መሐል ድሮ ትልቅ ሾላ ነበር፤ ከምሽጉ ወደ ውጭ ለማየት ይጋርዳል ተብሎ ቀደም ሲል ተቆርጧል። ሰዉ በቀረው ጉቶ ዙሪያ ፀሐይ ላይ ቆመ። መቶ አለቃው በሚታጠፍ ወንበር ተቀምጧል፤ ከጣሊያን ጋር የመጣ አንድ ቅጥር ወታደር፣ አስካሪ የሚሉት፣ ዣንጥላ ይዞለታል። ከጎኑ ለጣሊያን የገቡት የአካባቢው ባላባት ፊታውራሪ ወልዴ አሉ።

ጋሽ ሙሄ ጉቶው ላይ ተቀመጡ። «ዳኛ ሆኜ ሦስት አገር አወዳድሬ እንድፈርድ ታዝዣለሁ» አሉ። «እሺ ብያለሁ። ተሟጋቾች ይቁሙ። ለዘንጅባር ማን ይቆማል?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። ለጅቡቲ ደምሴ ወጣ።

«ለጣሊያንስ?»

አስተርጓሚው ፊቱ እየተለዋወጠ ለመቶ አለቃው አስረዳ። እኛ ጥይት ስንጠብቅ ሰውዬው ሳቀ። በኋላ አስተርጓሚው እንደነገረኝ የመቶ አለቃው አባት ባገሩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሙግት እያየ ነው ያደገው፤ ሮቢት ላይ ደግሞ ከዝንብ በቀር የሚያጫውተው አላገኘም ነበር። «አንተ ቁምልን» አለው አስተርጓሚውን።

«ዋስ ጥሩ» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ዋስ ሳይጠራ ሙግት እንደማይጀመር የማያውቅ የለም። እትዬ አስካለ አበልጃቸውን ጠሩ። ደምሴ ዞር ዞር ብሎ እኔን ጠራ። በሕይወቴ ለአገር ዋስ የሆንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለጅቡቲ። ለጣሊያን ዋስ ሲጠራ የሚወጣ ጠፋ። መቶ አለቃው ወደ ፊታውራሪ ወልዴ ዓይኑን ሲመልስ ፊታውራሪው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ሆነው ተነሡ። «ዋስ ነኝ» አሉ፤ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አልተሰማም።

«ይታሰሩ» አሉ ዳኛው።

ይህም የታወቀ ነው፤ ተሟጋቾች እንዳይጠፋፉ የልብሳቸው ጫፍ ይቋጠራል። የደምሴ ኩታ ከእትዬ አስካለ ነጠላ ጋር ተቋጠረ። አስተርጓሚው ግን የለበሰው የወታደር ልብስ ነው፤ የሚቋጠር ጫፍ የለውም። ስሙ ሲጠራ ሰው መንገድ የሚለቅለት አስተርጓሚ መሐል ገበያ ቆሞ ልብሱን ሲፈልግ ታየ።

«በመታጠቂያው» አሉ ጋሽ ሙሄ።

እትዬ አስካለ ራሳቸው አሰሩት፤ ጥጃ እንደሚታሰረው አድርገው። መቶ አለቃው በሳቅ እንባው ወረደ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ድሀው በቀትር የት ይቀመጣል? ጅቡቲ ትቅደም።»

«ከሱቆቹ ፊት የድንጋይ ቅስት አለ» አለ ደምሴ። «ወደብ ሲሸከም ያረፈደ ሁሉ እዚያ ጋደም ይላል። የሚነሳው የለም።»

«የሰው ግድግዳ ሥር!» አሉ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እየጎተቱ፤ ደምሴም አብሮ ተጎተተ። «ዘንጅባር ላይ የቅርንፉድ ዛፍ አለ። አላህ የተከለው ነው፤ ባለቤቱ ቢመጣ እሱም አጠገብህ ይቀመጣል። ሽታው ራሱ ምሳ ነው!»

«ሽታ በልተው ይደሩዋ!»

ክርስቲያኗ እትዬ አስካለ የጋሽ ሙሄን አላህ ጠርተው ሲሟገቱ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ አስተርጓሚው ዞረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አስተርጓሚው ግራ ቀኙን አየ፤ ጉቶውን አየ፤ ላብ ያጠመቀውን ሰው አየ።

«መንገድ እየሠራን ነው» አለ።

«መንገድ ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «በቀትር መንገዱ ላይ ይቀመጣል?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። መቶ አለቃው ግን መሳቁን ተወ። ምን ተባለ ብሎ ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደመለሰለት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። የጋሽ ሙሄ መዳፎች አየር ላይ ቀሩ።

«ተሟጋቹ መልሱን አሰናድቶ ይቅረብ» አሉ ፈጠን ብለው። «ለሚመጣው ገበያ ቀጥሬያለሁ።»

ቀጠሮ! ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ። እኛ አገር አንዴ በቀጠሮ የገባ ነገር ቶሎ እንደማያልቅ ሕፃንም ያውቃል። የፍርድ ቤት ጸሐፊው ልጅም ያውቅ ኖሯል። «በእኛም እንዲሁ ነው» ብሎ ወንበሩን አስነሣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ዛሬም ይገርመኛል። መቶ አለቃው ለመርታት ፈለገ። በቀጣዩ ገበያ ስንደርስ መሐሉ ላይ ረጅም የቆርቆሮ ጣራ ቆሞ አገኘን። «ይኸው መልሳችን» አለ አስተርጓሚው ደረቱን ነፍቶ። ጋሽ ሙሄ ሥሩ ገብተው ተቀመጡ። ሰዉም ገባ። ብዙም ሳይቆይ ቆርቆሮው መጋል ጀመረ። ሰው ከውስጥ አንድ አንድ እያለ ወደ ፀሐይ ወጣ።

«ይህ ምስክርነቱ ለእኔ ነው!» አለ ደምሴ። «ጅቡቲን አመጡልን!»

«ማመስገንህ ነው ወይስ መስደብህ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ተቀጠረ። ከላዩ ሳር ለበሰ። ሳሩን ፍየል በላው፤ ተቀጠረ። ሳሩ ከፍ ብሎ እንደገና ሲለብስ ጥላው በእውነት ጥላ ሆነ፤ ጋሽ ሙሄም መንፈቅ ሙሉ ሲጠበስ የኖረው የሰው ልጅ ጀርባ ማረፊያ አገኘ ብለው መሰከሩ። ከዚህ በኋላ የሚያስቀጥር ሰበብ የቀረ አይመስልም ነበር። በሚመጣው ገበያ ይፈርዳሉ ተባለ። እትዬ አስካለ ለፍርዱ ቀን ሥዕለት ተሳሉ። የጋሽ ሙሄ ባለቤት እህል አልበላም አሉ።

በገበያው ዋዜማ ሌሊት ፊታውራሪ ወልዴ ጠመንጃቸውንና ሰዎቻቸውን ይዘው ሸፈቱ። ወደ አርበኞቹ ገቡ።

በማለዳ አስካሪዎች ጋሽ ሙሄን ወደ ምሽጉ ወሰዷቸው። ደምሴና እትዬ አስካለ ምሽጉ በር ድረስ ሄደው ከመስቀያው ሥር ተቀመጡ። ጎን ለጎን ነበሩ፤ ያን ቀን ስለ ሁለቱም አገሮች ቃል አልተናገሩም። ውስጥ የሆነውን የነገረኝ አስተርጓሚው ነው።

«ፍርድ!» አለ መቶ አለቃው። ተቆጥቷል።

«ዋስህ የት አለ?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

መቶ አለቃው ጠረጴዛ መታ።

«ዋሱ የጠፋበት ተሟጋች ሌላ ዋስ እስኪጠራ ሙግቱ ይቆማል። የእኔ ሕግ አይደለም፣ ያገር ሕግ ነው። ዋስ ይጥራና አሁኑኑ እፈርዳለሁ።»

ዋስ ተፈለገ። ከቀወት እስከ ሮቢ ወንዝ ማዶ ለጣሊያን ዋስ ነኝ የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ሁሉም ታመመ፤ ገሚሱም በእውነት። መቶ አለቃው ሌላ ችግርም ነበረበት፦ ዛሬ ሽፍታ የሆነው ሰውዬ በአደባባይ የጣሊያን ዋስ ሆኖ እንደቆመ፣ እንዲቆም ያደረገውም ራሱ መቶ አለቃው እንደሆነ ለአለቆቹ አላመለከተም። ሽማግሌው ከተሰቀለ ለምን ተሰቀለ ይባላል። ሲጨንቀው ጋሽ ሙሄን በኋላ በር አስወጥቶ፣ ነገሩ እንዳይወራ አዘዘ። ሳይመሽ ደብረ ሲና ተሰማ።

ሙግቱ እንደ ቆመ ቆየ። ጥላውም ቆመ። እኛም ሥሩ ተቀመጥን።

በመጨረሻ እንግሊዝና አርበኞች እየቀረቡ ነው የሚል ወሬ ገባ። ምሽጉ ዕቃ መጫን ጀመረ። አንድ የገበያ ቀን መቶ አለቃው ያለ አጃቢ፣ አስተርጓሚውን ብቻ አስከትሎ ወደ ጥላው መጣ። ከስቷል። ከጋሽ ሙሄ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ጥጤን አስቀምጬ በቅርብ ነበርኩ።

«እንግሊዝ ሳይማርከኝ አይቀርም» አለ። «ወደ ሞቃት አገር ይወስዱናል ይላሉ። ወደየት እንደሆነ አላውቅም። አንተ ሁለቱን አይተሃል። ጅቡቲ ወይስ ዘንጅባር?»

ደምሴ መርፌውን እንደ ያዘ ቀረ። እትዬ አስካለ ቅል ጨብጠው ቆሙ።

ጋሽ ሙሄ ሰውዬውን ረዘም አድርገው አዩት። «ያኔ የጠየቅከኝ አዝዘህ ነው» አሉ። «አሁን ማዘዝ አትችልም፤ ስለዚህ እመልስልሃለሁ።» ቀኝ እጃቸውን ብቻ ከጉልበታቸው አነሡ። «ዘንጅባር። ይቀቅልሃል፤ ግን ዛፉ እስረኛም ያስጠልላል።»

«ይህኛውስ? እዚህስ?»

«የዚህን የምናውቀው እናንተ ስትሄዱ ነው።»

አስተርጓሚው ሳያስቀር ተረጎመው። መቶ አለቃው ራሱን ነቀነቀ፤ ተነሥቶም ሄደ። ወዴት እንደወሰዱት ለማጣራት ሞክሬ አላገኘሁም።

ገና ከዓይናችን ሳይሰወር እትዬ አስካለ እልልታቸውን አቀለጡት። «ፍርድ ተሰጠ! ዘንጅባር ረታች!»

«ይግባኝ!» ብሎ ጮኸ ደምሴ። «ይግባኝ ብያለሁ! የተፈረደው ለእስረኛ ነው፤ ለጨዋ ሰው አልተፈረደም!»

«ይግባኝ ለማን?» አሉት ጋሽ ሙሄ።

«ለእርስዎው!»

«እንግዲያው ቀጥሬያለሁ» አሉ።

ያ ቀጠሮ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሲተላለፍ ኖረ። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ጋዜጠኛ ሆንኩ፤ በመንገዴ ባለፍኩ ቁጥር ደምሴ ይግባኙን ሲያስታውስ፣ ጋሽ ሙሄ ምስክር ሲጠይቁት እሰማ ነበር።

ለቅሶው ላይ ስደርስ ደምሴ ከዳሱ ማዕዘን ተቀምጧል። ሸብቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። ከጎኑ እትዬ አስካለ በምርኩዛቸው ተደግፈዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደምሴ በድምፄ አወቀኝ።

«አየህ ዋሴ» አለኝ፣ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ። «ይግባኜን ሳያዩልኝ ሄዱ።»

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ፍርዱ ጸና ማለት ነው» አሉ፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር።